ሩቂያና የደረቁት ጥዶች

የሩቂያን ሞት የነገሩኝ አቶ ግርማ ናቸው። ወልቂጤ ውስጥ ከቢሮ ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ ነበር የደወሉልኝ። አቶ ግርማ ቡታጅራ በግብርና ሥራ ላይ ሳለን አለቃችን የነበሩ፣ የገዛ አባታቸውን ቀብረው በማግስቱ ስብሰባ የመሩ ጠንካራ ሰው ናቸው። "አስቴር፣ ሩቂያ አረፈች" አሉኝና ድምፃቸው ተሰበረ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ሳግ ብቻ ነው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። መጀመሪያ በልቤ ያለፈው ሐዘን አልነበረም። "እኔ ብሞት እኚህ ሰውዬ እንዲህ ያለቅሳሉ?" የሚል ነበር።

ይህን የምለው ራሴን ለመውቀስ አይደለም። ሩቂያን በሌላ መንገድ ማስታወስ ስለማልችል ነው። ከእሷ ጋር የሠራሁባቸውን ዓመታት ሁሉ ስቀናባት ነው የኖርኩት። ቅናቱን አውጥቼ ላስታውሳት ብል የሌላ ሰው ትዝታ ይሆንብኛል።

ቡታጅራ የተመደብነው በአንድ ሰሞን ነው። ከአንድ የግብርና ኮሌጅ፣ ከአንድ ክፍል ነው የወጣነው። በውጤት እበልጣታለሁ። አሁን ይህን ማንሳት ያስቅ ይሆናል፤ ያኔ ግን ሌላ የምበልጥበት ነገር ስላልነበረኝ አጥብቄ ይዤው ነበር። እኔ የወልቂጤ ልጅ ነኝ፣ ቀጭንና ዝምተኛ። እሷ የመስቃን ልጅ ናት፤ ሞላ ያለች፣ ስትስቅ ጭኗን በመዳፏ የምትመታ። ሒጃቧን አገጯ ሥር አጥብቃ አስራ የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ሳይክል ስትነዳ የከተማው ሰው መጀመሪያ ሰሞን ቆሞ ያያት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን በየመንገዱ በስሟ ይጠሯት ጀመር። "ሩቂያ! ምሳ ሳትበዪ አታልፊም!" ይሏታል ከየበሩ። እኔ ከኋላዋ ተፈናጥጫለሁ። "ሳትበሉ" ያለ ሰው ግን አላስታውስም። ሁልጊዜ "ሳትበዪ" ነው።

እውቀቷ ከእኔ አይበልጥም ነበር፤ የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ለገበሬዎች ስለ ድርቅ ሳስረዳ፣ ዛፍ ውሃ ሲያጥረው በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንደሚዘጋ፣ ቀዳዳዎቹ ሲዘጉም እንደ ላብ የሚወጣው እርጥበት ስለሚቆም ቅጠሉ እንደሚሞቅ ተናገርኩ። አንዱ አፉን በጋቢው ሸፍኖ አዛጋ። በማግስቱ ሌላ መንደር ሄድንና ተራው የሷ ሆነ። ከደረቀው አጥር ላይ አንድ የብሳና ቅጠል ቀጠፈች። ጉንጯ ላይ ለጠፈችውና ዓይኗን ጨፈነች።

"ትኩሳት ይዞታል" አለች።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወደ ጅረቱ ወርዳ ከውሃው ዳር ከበቀለ ብሳና ሌላ ቅጠል አመጣችና ለአንዲት አሮጊት ሰጠቻቸው። "ይሄኛው ደግሞ የጠጣው ነው። እስኪ ይንኩት እናቴ።" አሮጊቷ ጉንጫቸው ላይ አድርገው "ዋይ! ይቀዘቅዛል እኮ!" ብለው ጮኹ። ሌላ ቀን በዚያው መንደር ስናልፍ ትልቁም ትንሹም ቅጠል ጉንጩ ላይ እየለጠፈ "ይሄ ታሟል፣ ያ ደህና ነው" ይባባል ነበር። ትምህርቱ እኔ ቀድሜ ያስተማርኩት ነበር። ጉንጩ ግን የሷ ነው።

ሩቂያ ሰው ሲከፋ ማየት አትችልም። ዝናብ ባጠረበት ሰሞን አንዲት ባልቴት ቤት ሄደን፣ ደርቆ የነበረ የሎሚ ዛፋቸው ከአንድ ካፊያ በኋላ ያለወቅቱ በአበባ ተሸፍኖ አገኘነው። ሴትየዋ በደስታ እጃችንን እየጎተቱ አሳዩን። እኔ እውነቱን ነገርኳቸው። ዛፍ ሲጨንቀው ዘር ትቶ ለመሞት ይቸኩላል፤ አበባው ብዙ ቢሆንም ውሃ ካላገኘ ፍሬው አይጸናም አልኳቸው። የሴትየዋ ፊት ወዲያው ጠቆረ። ሩቂያ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "ማሻአላህ፣ እንዴት ያምራል!" አለችና አበባውን አሸተተች፣ ሴትየዋንም አቀፈቻቸው። መንገድ ላይ ስንመለስ "ዛሬን ትደሰት። ነገ ዛፉ ራሱ ይነግራት የለ?" አለችኝ።

"ነገ ስታዝንስ?" አልኳት።

"ነገ እሄድና አብሬያት አዝናለሁ።"

ሄዳም አዘነች። አበባው ሲረግፍ ከሴትየዋ ጋር ቁጭ ብላ ስትተክዝ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ሴትየዋ ለእኔ ሰላምታ ብቻ፣ ለሷ ደግሞ እርጎ ነበር የሚሰጧት።

ከዚያ የከፋው ድርቅ መጣ። የፊተኛው በልግ ከሲታ ነበር፤ የዚያ ዓመቱ ጭራሽ ቀረ። ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቸኩሎ ወጣ። በሞተር ከቆላው ተነሥተን ወደ ተራራው ስንወጣ እያንዳንዱ ተክል ጥማቱን በየራሱ መንገድ ሲችል ይታይ ነበር። ግራሩ ቅጠሉን አራግፎ በእሾሁ ቀርቷል። በቆሎው ቅጠሉን እንደ ጥቅል ወረቀት አጥብቆ ጠቅልሏል። እንሰቱ የውጭ ቅጠሎቹን ለፀሐይ ሰጥቶ መሐሉን አረንጓዴ አድርጎ ይዟል። ምንም ያልመሰለው ባሕር ዛፉ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከሥሩ ያለውን ምንጭ ጠጥቶ ነው።

ከቡታጅራ በላይ ባለ አንድ ቀበሌ ሰዉ ከብቱን ከልክሎ ለዓመታት የጠበቀው ተራራ ነበር። ጥድና ወይራ ለብሶ ከሩቅ ይታይ ነበር። ከጠባቂዎቹ ዋናው ሼህ ከድር ናቸው፤ በጎልማሳነታቸው ችግኙን በጀርባቸው ተሸክመው ካወጡት ሰዎች አንዱ። በዚያ ድርቅ ጥዱ ከታች በኩል ቡናማ እየሆነ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። ወይራውም ቅጠሉን ጣለ። ከብቱ መኖ አጥቶ አጥንቱ ወጥቷል። አንዳንዱ ጥዱን እንጨቱ ደህና ሳለ ቆርጠን ሸጠን መኖ እንግዛ ይላል። ሌላው ደግሞ ስንት ዓመት የጠበቅነውን ዛፍ በገዛ እጃችን? ይላል። እኛን ጠሩን።

እኔ ካንዱ ጥድ ወደ ሌላው እየሄድኩ ቅርፊቱን በቢላዋ ፋቅ ፋቅ አደረግሁ። ሕይወት ያለው ዛፍ ከቅርፊቱ ሥር እርጥብና አረንጓዴ ነው። የታችኛው ጥድ ግን የፋቅሁት ሁሉ እንደ ደረቅ ትምባሆ ነበር። ወይራውን ስፍቅ አረንጓዴ አገኘሁ። ሩቂያ አጠገቤ ቆማ ሁሉንም አይታለች።

ሰዉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ሼህ ከድር ከዘራቸውን ተደግፈው "ልጆቼ፣ እስኪ ንገሩን። ይነሣል ወይስ ሞቷል?" አሉ።

"ወይራው አልሞተም፤ ዝናብ ሲያገኝ ያቆጠቁጣል" አልኩ። "የታችኛው ጥድ ግን ሞቷል፣ ሼህ። ጥድ አንዴ ከደረቀ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። እንጨቱን ነቀዝ ሳይገባበት ቆርጣችሁ ብትሸጡት ለከብቶቻችሁ ይደርሳል።"

አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ተራራው መለሱ። ሩቂያ ዙሪያውን አየችና ተነሣች።

"ወይራው ተኝቷል፣ አስቴር እንዳለችው። ጥዱም ቢሆን… አላህ ያውቃል፤ ዝናብ ሲነካው ሊነሣ ይችላል። ትንሽ ብንታገሥስ?"

እሷ "ሊነሣ ይችላል" ነው ያለችው። ሰዉ ሁሉ ግን "ይነሣል" ብሎ ሰማ። የሼህ ከድር ፊት በራ። እንታገሥ ተባለ።

ስንወርድ ከሞተሩ ጀርባ ሆኜ ጮህኩባት። "ቅርፊቱን አይተሻል አይደል?"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"አስቱ፣ ፊታቸውን አላየሽም?"

"የተላክነው ፊት ልናይ አይደለም!"

"እኔ ምን ላድርግ" አለችኝ ዞር ሳትል። "ቀድሞ የሚታየኝ ፊት ነው።"

ዝናቡ በመጨረሻ መጣ። ወይራው ከግንዱ ሥር አቆጠቆጠ፤ ክትክታው ለመለመ፤ ሣሩ ተነሣ። ጥዱ ግን የዛገ ብረት መስሎ ቆሞ ቀረ። ነቀዝ በስቶት ስለነበር ከማገዶ ሌላ የማይሆን ሆነ። እስከዚያ ድረስ ደግሞ ብዙ ሰው ከብቱ አልቆበታል። ሼህ ከድር ከጥንድ በሬዎቻቸው አንዱን በድርቁ አጥተው ያንዱን ገበሬ በሬ ለማቀናጀት ይለምኑ ነበር።

ቀበሌው እንደገና ሲጠራን ነጠላዬን አጥቤ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ ሄድኩ። ዛሬስ ይለያል አልኩ በሆዴ። ከፊት ተቀመጥኩ። ሩቂያ ማንም ሳይጠይቃት ተነሣች። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

"ቅርፊቱን አይቼ ነበር። መሞቱን አውቄ ነበር። ፊታችሁን ሳይ አልቻልኩም። በእኔ ምክንያት ከብታችሁ አለቀ" አለችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ሰዉ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አንዲት ሴት ተነሥታ በሻርፗ ጫፍ እንባዋን ጠረገችላት። ሌላው "ዝናቡን የያዝሽው አንቺ ነሽ እንዴ?" አለ። ሼህ ከድር፣ በሬ ያጡት ሼህ ከድር፣ "ተይ ልጄ፣ ተይ። እኛም እንዲነሣ ፈልገን ነበር፤ ፈልገን ነው የሰማንሽ። ብቻሽን አልተሳሳትሽም" አሏት። ከዚያ ትዝ ሲላቸው ወደ እኔ ዞሩ። "አስቴር ግን ያኔ ብላ ነበር።"

"አዎ፣ ብላ ነበር" አለ አንዱ።

ስለ እኔ የተባለው ይኸው ነው። ከዚያ ለሩቂያ ዱዓ ተደረገ፣ እኔም መዳፌን ዘርግቼ አሚን አልኩ።

ጊዜው የግምገማ ጊዜ ነበርና ጉዳዩ መሥሪያ ቤትም ደረሰ። አቶ ግርማ "አስቴር፣ የሆነውን ተናገሪ" ሲሉኝ አንድም ሳልጨምር አንድም ሳልቀንስ ተናገርኩ። ሩቂያ ተነሥታ "ያለችው ሁሉ ልክ ነው" ብላ ተቀመጠች። ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ስብሰባው ሲበተን ታኮርፈኛለች ብዬ አቀርቅሬ ስወጣ ሞተሩን አስነሥታ በር ላይ ትጠብቀኛለች።

"ውጪ፣ እንሂድ።"

"የት?"

"ተራራው ላይ። ጥዱ የት ድረስ እንደሞተ እይልኝ። እኔ ያየሁትን ነገር ራሴ አላምነውም፤ ያንቺን ዓይን ነው የማምነው።"

ሄድን። እስከ ተራራው ወገብ ድረስ ያለው ጥድ አልቋል፤ ከዚያ በላይ ያለው አረንጓዴ ነው፤ ድንበሩ በገመድ የተለካ ይመስል ነበር። ከሞቱት ጥዶች ሥር ጎንበስ ብዬ ሣሩን ስገልጥ ማንም ያልተከላቸው ትናንሽ የግራር ቡቃያዎች አገኘሁ። ግራር እዚያ ከፍታ ላይ አይተን አናውቅም። እሱ የቆላ ዛፍ ነው።

"ቆላው እየወጣ ነው" አልኳት። "አየሩ እየሞቀ፣ ዝናቡ እየራቀ ሲሄድ ዛፍም አገር ይለቃል። ግን እግር ስለሌለው ያረጀው በቆመበት ይሞታል፤ የሚሰደደው ዘሩ ነው። እዚህ እንደገና ጥድ ብንተክል እንደገና ይሞታል። ጥዱ ወደ ላይ ነው መተከል ያለበት፤ እዚህ ግራርና ወይራ ይሁን።"

ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ "ይህን ነገር ለሰዉ እኔ ልንገራቸው?" አለች።

ደሜ ፈላ። "ለምን አንቺ?"

"አንቺ ስትነግሪያቸው ያዝናሉ፤ እኔ ስነግራቸው ይተክላሉ።"

እንዲህ ያለ ድፍረት ሰምቼ አላውቅም። የባሰው ደግሞ እውነት መሆኑ ነው። ፈቀድኩላት። ዋርካው ሥር ቆማ "ጥዱ አልከዳችሁም። አገሩ ነው የተቀየረበት" ብላ ጀመረች። "ዘመድ አዲስ አበባ ሄዶ እንደሚሠራ ጥዱም ከፍ ብሎ ቤት ይሥራ፤ ለታችኛው ቤት ደግሞ ግራር ራሱ በእግሩ መጥቷል፤ እንግዳ ይመለሳል እንዴ?" ስትል ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። በየመሐሉ "ይህን ያየችው አስቴር ናት" ትላለች። ሰዉም አንገቱን ይነቀንቃል፣ ግን የሚያየው እሷን ነው። በክረምቱ ተተከለ። ግራሩ ያዘ። ወይራው ተንዠረገገ። ከላይ ያለው ጥድም ቆመ። ዛሬ ያንን ተራራ የአካባቢው ሰው የሚጠራው "የሩቂያ ተራራ" ብሎ ነው።

ከዓመታት በኋላ ወልቂጤ ወደ ዞን ተዛወርኩ። እድገት ነበር። ሽኝት ላይ ሼህ ከድር መጥተው እጄን ይዘው "ሩቂያም ትሄዳለች እንዴ?" ሲሉ በጭንቀት ጠየቁኝ። አትሄድም አልኳቸው። "አልሐምዱሊላህ!" አሉ ከልባቸው። ወዲያው ደንገጥ ብለው "ማለቴ፣ አንቺንም አላህ በደህና ያድርስሽ" አሉኝ። ሩቂያ አጠገባችን ቆማ ጭኗን እየመታች ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ሌሊቱን ስብሰለሰል አደርኩ።

በዒድም በፋሲካም እንደዋወላለን። "ደህና ነሽ?" ስላት "አልሐምዱሊላህ፣ አንቺስ?" ትለኛለች። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር፤ ባለፈው ፋሲካም።

አቶ ግርማ በደወሉልኝ ማግስት በማለዳ ለለቅሶው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። በጉብሬ አልፈን አረቅጥ ስንደርስ ደጋው በጉም ተሸፍኗል፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ ቡታጅራ። ቤተሰቧ መንደር ስደርስ አጥሩ አይታይም፣ ሰው ነው። ከተራራው ቀበሌ በአይሱዙ ተጭነው የመጡት ወንዶች ውጭ ተቀምጠዋል። አቶ ግርማ ከመሐላቸው አሉ። ሴቶቹ ወዳሉበት ገብቼ ምንጣፉ ዳር ተቀመጥኩ። ነገሩን የሰማሁት እዚያ ነው። ሩቂያ ድንገት አልሞተችም። ከበፊተኛው ክረምት ጀምሮ በጠና ታማ ነበር። ሁሉም ያውቃል።

"ለመስከረም ቆጮ አብረን እንበላለን ብላኝ ነበር" አለች አንዷ።

"ለልጄ ኒካህ ቀሚስ እያሰፋሁ ነው ብላኝ እኮ! መርፌውን ጨርሻለሁ፣ አሁን ተሽሎኛል ብላኝ!" አለች ሌላዋ።

አቶ ግርማንም ለመጪው ክረምት ችግኝ አብረን እናፈላለን ብላቸው እንደነበር ሰማሁ። ለሼህ ከድር ደግሞ ዛፎቹን ለማየት በእግሯ እንደምትወጣ ቃል ገብታላቸዋለች። እያንዳንዱ የሰጠችውን ቃል እያወጣ ያለቅሳል። እኔ የማወጣው አልነበረኝም። ታናሽ እህቷን ሰሚራን እጇን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኳት።

"ለአገሩ ሁሉ ስትነግሩ ለእኔ ለምን አልነገራችሁኝም?"

ሰሚራ አቀረቀረች። "አትቀየሚ አስቴርዬ። እሷ ናት የከለከለችን።"

"እኔን ብቻ?"

"አንቺን ብቻ። 'አስቱ ከመጣች ፊቴን አንዴ ታየውና ታውቃለች። እኔም ብጠይቃት ትነግረኛለች። ሌላውን ሰው እድናለሁ ስለው ያምነኛል፣ ሲያምነኝ ደግሞ እኔም ትንሽ አምናለሁ። እሷን ግን ልዋሻት አልችልም' አለችን። ስትደውዪ እንኳ ትራሱን ተደግፋ ተቀምጣ፣ ውሃ ጠጥታ፣ ድምፅዋን አስተካክላ ነበር የምታነሣው።"

እውነቷን ነው፤ ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር። እንዴት ዝም እንደሚባል አላውቅበትም።

ተመልሼ ገባሁ። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ከመሐል ቦታ ሰጡኝ። አንዷ የመስከረሙን ቆጮ እንደገና አነሣች፣ ሌላዋ የኒካሁን ቀሚስ። ከሩቂያ የተረፋቸው እነዚያ ያልተፈጸሙ ቃሎች ነበሩ፤ እየተቀባበሉ ያለቅሱባቸዋል። ውሸት እንደነበሩ አሁን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ማንም አልተቀየማትም። እኔም ከመሐላቸው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ቀናሁባቸው። ምነው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በፋሲካው ስልክ፣ "አስቱ፣ ለክረምት መጥተሽ ተራራውን አብረን እናያለን" ብላ እኔንም በዋሸችኝ።